አሮጌው ይጠገን ወይስ በአዲስ ይለወጥ?

ሰው የሚገለገልበት መሣሪያ ሁሉ ዘመኑን ጠብቆ ማርጀቱ የማይቀር ነው። ማረሻ ይዶለዱማል፤ የወፍጮ ድንጋይ ይበላል፤ የልብስ ስፌት መኪናም ጥርሱ ያልቃል። ገበሬ ማረሻውን ወደ ቀጥቃጭ ወስዶ ሲያስል፣ ወይም የቀረው ብረት የማያዛልቅ መሆኑን አይቶ ሌላ ሲገዛ የሚወስነው በልምድ ነው። ብረቱን በዓይኑ ያየዋል፤ በእጁም ይመዝነዋል። ላፕቶፕ የሚባለው ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ግን የውስጥ አካሉ የተሸፈነ ስለሆነ ባለቤቱ መሣሪያው አርጅቶ ይሁን ታሞ በቀላሉ ሊለይ አይችልም። የታመመው እንዳረጀ ተቆጥሮ የሚጣልበት፣ ያረጀውም እንደ ታመመ ተቆጥሮ ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ የላፕቶፕ ባለቤት የሆነ ሰው አንድ ቀን ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው፣ ያገለገለው መሣሪያ ይጠገን ወይስ በሌላ ይተካ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የሚተካ ከሆነ የለመዱት ማርክ ይገዛ ወይስ ወደ ሌላ ማርክ ይዞር የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ተደባልቀው ይነሣሉ። ይሁን እንጂ የየራሳቸው መልስ ያላቸው በመሆናቸው ለየብቻቸው መመርመር ይኖርባቸዋል።

ጥያቄው በየትም ቦታ ያለ ቢሆንም በሞያሌ ከተማ ለየት ያለ ክብደት አለው። ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የምትገኝ፣ በሁለቱም አገሮች በአንድ ስም የምትጠራ ከተማ ናት። የኬንያው ሞያሌ የሚተዳደረው በማርሳቤት ካውንቲ ሥር ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚሄድም ሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ2010ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. አስፋልት ከመልበሱ በፊት፣ በዚያ የሚመጣ ዕቃ ቀናት ይፈጅ ነበር። ዛሬ አውቶቡስ ከናይሮቢ ሞያሌ የሚደርሰው በአንድ ቀን ያህል ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 9 ቀን 2020 ደግሞ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና በዚያን ጊዜ የኬንያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኡሁሩ ኬንያታ በከተማዋ የሁለቱን አገሮች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀዋል። በዚህ ሁሉ ምክንያት የሞያሌ ነዋሪ ሁለት ገበያ አለው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሁለቱም ገበያዎች ሩቅ ናቸው።

ከገበያው ርቀት ሌላ የኤሌክትሪኩም ነገር አለ። በኬንያ የሚሠራበት ሶኬት ሦስት ባለ ማዕዘን ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ያሉት ነው። የኬንያው ኃይል በ240 ቮልት፣ የኢትዮጵያው በ220 ቮልት ይመደባል። ይህ ልዩነት ብዙ ሰዎችን ያሳስባል፤ ሊያሳስብ ግን አይገባም። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሕፈት ካለ በሁለቱም በኩል ይሠራል። የሚያስፈልገው የሶኬት መለወጫ ብቻ ነው። ይልቁንም ባለቤቱ ሊጠነቀቅ የሚገባው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከሚመጣው ድንገተኛ የኃይል ጭማሪ፣ እንዲሁም ከሙቀቱና ከአቧራው ነው።

በኬንያ ሞያሌ ማመልከቻ፣ ውልና ደብዳቤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ እየጻፈ የሚተዳደር አንድ ሰው ለምሳሌ ያህል ቢወሰድ፣ ላፕቶፑ ለእርሱ ጌጥ አይደለም። ልክ እንደ ገበሬው በሬ የዕለት እንጀራው መገኛ ነው። ያ መሣሪያ በበራ ቁጥር ሩብ ሰዓት ቢያስጠብቅ፣ ባትሪውም መብራት በሄደ ቅጽበት ቢጠፋ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠውን ገንዘብ አንሥቶ አዲስ ይግዛ ወይስ አሮጌውን ያስጠግን? የተሳሳተ ውሳኔ የሚያስከፍለው ዋጋ ከገንዘብ አልፎ የቤተሰብ ኑሮ ነው።

አዲስ መግዛትን የሚደግፉ ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እንደ እነርሱ አባባል፣ አንድ ጊዜ መበላሸት የጀመረ መሣሪያ ዛሬ ባትሪው፣ ነገ ኪቦርዱ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ማዘርቦርዱ እያለ ኪስ ያራቁታል። በጥቂት በጥቂቱ የወጣው ገንዘብ ቢደመር አዲስ በገዛ ነበር። ከዚህም በላይ የሥራ መሣሪያ የሚጎዳው ሥራ በበዛበት ቀን ነው፤ በዚያ ቀን የሚቀረው ገቢና የሚጠፋው የደንበኛ እምነት በጥገና ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ አንድ ነገር ይዘላል፤ ይኸውም ሕመሙ ሳይታወቅ ስለ ሞቱ መናገሩ ነው።

የላፕቶፕ መዘግየት ሁልጊዜ የእርጅና ምልክት አይደለም። ከብዙዎቹ ምክንያቶች ሦስቱ ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ሃርድ ዲስክ ነው። በአሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ በፍጥነት የሚሽከረከር ሳሕን ስላለው እያደር ይደክማል። እርሱ ወጥቶ ኤስ ኤስ ዲ የተባለው የማይሽከረከር ማኅደር ሲገባ ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው መነሣት ወደ ሰኮንዶች ይወርዳል። ሁለተኛው ራም የተባለው የሥራ ማስታወሻ ማነስ ነው፤ ይህም በብዙ ማርኮች ሊጨመር ይችላል። ሦስተኛው አቧራ ነው። አቧራ የማራገቢያውን መተንፈሻ ሲደፍነው መሣሪያው ይግላል፤ በጋለም ጊዜ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እንደ ሞያሌ ባለ ደረቅና አቧራማ አገር ማራገቢያውን ማጽዳት ብቻ የብዙ ላፕቶፖችን ዕድሜ ያራዝማል።

ባትሪም እንዲሁ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከጥቂት መቶ ጊዜ ሙሌትና ባዶነት በኋላ አቅሙ መቀነሱ የተፈጥሮው ነው፤ ሙቀት ደግሞ ይህን ድካም ያፋጥናል። ስለዚህ ባትሪ ማለቁ የላፕቶፑ ማለቅ አይደለም። ጫማ ሶሉ ስላለቀ አይጣልም። ነገር ግን ያበጠ ባትሪ ቢታይ መሣሪያውን ወዲያው ከኃይል ነቅሎ ለባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ሒሳብ ነው። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ያህል ብቻ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አዲስ ላፕቶፕ 60,000 ሺሊንግ ቢያወጣና አምስት ዓመት ቢያገለግል፣ የአንድ ዓመት ዋጋው 12,000 ሺሊንግ ይሆናል። አሮጌውን ለማስጠገን 15,000 ሺሊንግ ቢጠየቅና ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ዋጋ 7,500 ሺሊንግ ነው። በዚህ ስሌት ጥገናው ይሻላል። የተጠገነው መሣሪያ ሊያገለግል የሚገባው ትንሹ ጊዜ አሥራ አምስት ወር ነው፤ ከዚያ በፊት ከተበላሸ ጥገናው ኪሣራ ሆነ ማለት ነው።

ሆኖም ይህ ሒሳብ ያልተሟላ ነው። ጸሐፊው በቀን 800 ሺሊንግ የሚያገኝ ቢሆንና መለዋወጫው ከናይሮቢ እስኪመጣ አሥር ቀን ሥራ ቢፈታ የ8,000 ሺሊንግ ገቢ ይቀርበታል። የጥገናው ዋጋ 23,000፣ የአንድ ዓመቱም 11,500 ሺሊንግ ይሆናል። ይህም ከአዲሱ ዋጋ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። መለዋወጫው በሦስት ቀን ቢደርስ ግን የሚቀረው ገቢ 2,400 ብቻ ስለሆነ የዓመቱ ዋጋ ወደ 8,700 ሺሊንግ ይወርዳል። እንግዲህ ጥገና አዋጪ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የጥበቃው ርዝመት ነው። ከኢሲዮሎ የመጣው አስፋልት ለነጋዴው እንደ ጠቀመ ሁሉ ለአሮጌ ላፕቶፖችም ዕድሜ ጨምሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥገና የማያዋጣባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ማዘርቦርዱ የተቃጠለ እንደሆነ የጥገናው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ወደ ሙሉ ላፕቶፕ ዋጋ ይጠጋል። ሁለተኛው ሁኔታ ከመሣሪያው አካል ሳይሆን ከሚመራው ሶፍትዌር የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዊንዶውስ 10 በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ይህም ማለት መሣሪያው መሥራቱን ባያቆምም እንደ ቀድሞው በየጊዜው ይሰጠው የነበረው የደኅንነት ጥበቃ ተቋርጧል ማለት ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማኅደርና ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸውም በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2017 ብቅ ካለው ስምንተኛው ትውልድ በታች ከሆኑ አይቀበላቸውም። ስለዚህ የሰው ውል፣ የመታወቂያ ቅጂና የገንዘብ ጉዳይ በሚያልፍበት ላፕቶፕ ላይ ጥበቃ የሌለው ሶፍትዌር ይዞ መቀጠል ራስንም ደንበኛንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ለእንዲህ ያለው መሣሪያ በነፃ የሚገኘው ሊኑክስ አንድ መፍትሔ ነው፤ ሊማሩት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የማርክ ጥያቄ ይመጣል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው የአበው አነጋገር ለብዙ ገዢዎች የመጨረሻ ፍርድ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ሰይጣኑን በእርግጥ ያውቁታልን? የላፕቶፕ ስም እንደ ሰው ስም ከባለቤቱ ጋር አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1985 ቀደምት ከሆኑት ላፕቶፖች አንዱን ለገበያ ያቀረበው ቶሺባ በ2018 የኮምፒዩተር ሥራውን በአብዛኛው ለሻርፕ ሸጠ፤ በ2020 ደግሞ የቀረውን ድርሻ አስረክቦ ከመስኩ ወጣ። በ1992 በአይ ቢ ኤም የተጀመረው ቲንክፓድ ከ2005 ጀምሮ የሌኖቮ ንብረት ነው። ስመ ጥር የነበረው ኮምፓክም በ2002 ከኤች ፒ ጋር ተቀላቅሏል። ከዚህም በላይ በተለያየ ስም የሚሸጡ ብዙ ላፕቶፖች የሚገጣጠሙት እንደ ኳንታና ኮምፓል ባሉ ጥቂት የታይዋን ኩባንያዎች ነው። ታዲያ በማርክ ላይ የሚታየው ፍቅርም ሆነ ጥላቻ ብዙውን ጊዜ በአንድ መሣሪያ ላይ ከደረሰ አጋጣሚ የመነጨ እንጂ በቂ ማስረጃ ያለው አይደለም። ከአንዱ ፋብሪካ ጠንካራም ደካማም ሞዴል ይወጣል።

እንዲህም ሲባል ማርክ መለወጥ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በተለይ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከዊንዶውስ ወደ ማክ መሻገር ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአማርኛ ጽሑፎች የሚዘጋጁት በየራሳቸው ሥርዓት በሚሠሩ የፊደል ሶፍትዌሮች ነበር። በዚያ ዓይነት የተጻፈ ሰነድ ያ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። የአሥር ዓመት ውልና ማመልከቻ ያከማቸ ጸሐፊ አስቀድሞ ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ ሳይለውጥ መሣሪያውን ቢለውጥ የራሱን መዝገብ ማንበብ ያቅተዋል። በዩኒኮድ የጻፈ ሰው ግን እንዲህ ያለ ሥጋት የለበትም፤ እንደ ኪይማን ያለው የመጻፊያ ዘዴ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል።

የመጠገን ነገርም ከማርክ ጋር የተያያዘ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በራሱ ፕሮሰሰር የሚያወጣቸው የማክ ላፕቶፖች ፈጣንና ባትሪያቸው ረጅም ሰዓት የሚያገለግል ነው። ይሁን እንጂ ከተገዙ በኋላ ራም አይጨመርባቸውም። በአንጻሩ ለመሥሪያ ቤቶች ታስበው የተሠሩት እንደ ዴል ላቲትዩድ፣ ኤች ፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ያሉት ላፕቶፖች በውጭ አገር ካገለገሉ በኋላ በብዛት ወደ አፍሪካ ገበያ ስለሚመጡ መለዋወጫቸውን የማግኘት ዕድል ይሰፋል። ስለዚህ ለሞያሌው ገዢ የሚበጀው ጥያቄ የትኛው ማርክ ዝነኛ ነው የሚል ሳይሆን፣ በከተማው ያለ ጠጋኝ የትኛውን ከፍቶ ያውቃል፤ ባትሪውና ቻርጀሩስ በስንት ቀን ይደርሳል የሚል ነው። የቻርጀሩ ችግር እያደር የሚቀል ይመስላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ በገበያው የሚቀርቡ አዳዲስ ላፕቶፖች በዩ ኤስ ቢ ሲ እንዲሞሉ ደንግጓል፤ ፋብሪካዎችም ለአንድ አህጉር ብቻ የተለየ መሣሪያ መሥራት ስለማይቀናቸው ጥቅሙ ለሌላውም እንደሚተርፍ ይጠበቃል።

ከሁለቱ ገበያዎች የትኛው ይመረጣል የሚለው የብዙዎች ክርክር ነው። ላፕቶፕ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ዋጋው የምንዛሪን መውጣትና መውረድ ይከተላል። የኢትዮጵያ መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ በብር ገቢ የሚያገኝ ሰው ከውጭ የመጣ ዕቃ ሲገዛ ከቀድሞው እጅግ የበለጠ ብር ያወጣል። በዚህ ምክንያት ድንበር ተሻግሮ ርካሽ የመፈለግ ስሜት ይጠነክራል። ነገር ግን ደረሰኝ የሌለው፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ወይም ከማን እንደ መጣ ያልታወቀ ላፕቶፕ ርካሽ ሊባል አይገባም። የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ በፍተሻም ሊወረስ ይችላል፤ ቢበላሽም ወደ ማን እንደሚመለሱ አይታወቅም። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ገዢ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት መሣሪያውን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ማሠራት፣ ባትሪውን መፈተን፣ የፕሮሰሰሩን ትውልድ ማየት፣ የይለፍ ቃል መቆለፊያ የሌለበት መሆኑን ማረጋገጥና የዋስትና ጊዜ የተጻፈበት ደረሰኝ መቀበል ይኖርበታል።

የአሮጌው ላፕቶፕ መጨረሻም የውሳኔው ክፍል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባሳተመው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተጥሏል። ከዚህ ውስጥ በሥርዓት ተሰብስቦ እንደገና ለአገልግሎት የዋለው 22.3 በመቶ ብቻ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ መዳብና ወርቅ እንዳለ ሁሉ ለአፈርና ለውሃ ጠንቅ የሆኑ ነገሮችም አሉ። መሣሪያውን አንድ ሁለት ዓመት ጨምሮ ማሠራት ለኪስ ብቻ ሳይሆን ለአካባቢም ይጠቅማል። የማይጠገን ከሆነ ደግሞ መለዋወጫው ለጠጋኝ ይሰጥ እንጂ ከቆሻሻ ጋር አይቃጠል። ከመሰጠቱ በፊት ግን በውስጡ ያለው የሰው ምሥጢር በሚገባ መደምሰስ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ የሚከተለው ነው። አስቀድሞ የሰነዶቹ ቅጂ በሌላ ማኅደር ይቀመጥ፤ ቅጂ የሌለው ሰው በነፃነት ሊወስን አይችልምና። ቀጥሎ መሣሪያው ያረጀ ይሁን የታመመ በባለሙያ ይመርመር። ሕመሙ የባትሪ፣ የሃርድ ዲስክ፣ የራም ወይም የአቧራ ከሆነ፣ ሶፍትዌሩም ጥበቃ የሚያገኝ ከሆነ፣ መጠገን ከመለወጥ ይበልጣል። ማዘርቦርዱ ከተቃጠለ፣ ጥበቃ ያለው ሶፍትዌር የማይቀበል ከሆነ፣ ወይም የጥገናው ዋጋ ከነጥበቃው ቀን ሲሰላ ከአዲሱ የዓመት ዋጋ ካለፈ ግን መለወጥ ብልኅነት እንጂ ብክነት አይደለም። በተለወጠም ጊዜ ማርኩ የሚመረጠው በዝናው ወይም በትናንት ቂም ሳይሆን በቅርብ ባለው ጠጋኝ፣ በመለዋወጫውና ለአማርኛ ጽሑፍ ባለው ምቹነት ይሁን።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እንደሚባለው፣ ይህን ሁሉ ማሰብ የሚጠቅመው መሣሪያው ገና እየሠራ ሳለ ነው። ላፕቶፑ ሙሉ በሙሉ ከቆመ፣ ደንበኛም በር ላይ ከተሰለፈ በኋላ የሚደረግ ግዢ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ይሆናል። በየወሩ ጥቂት ሺሊንግ ለመሣሪያው ምትክ የሚያስቀምጥ ባለሙያ፣ ያ ቀን ሲመጣ እጁን ወደ ልጆቹ የትምህርት ገንዘብ አይሰድም።